ከአንድ ክንፍ የተሰየመችው

ትናንት ሊነጋጋ ሲል ሕልም አየሁ። ያየሁት አልጋዬ ላይ ሆኜ አይደለም፤ ሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ጃኬቴን ተንተርሼ ነው። ለምን እዚያ እንደተኛሁ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ወፎቹ ከእኔ ምን እንደፈለጉ አይገባችሁም።

ምህረቱ እባላለሁ። አርባ ምንጭ ውስጥ ወፍ አስጎብኚ ነኝ። የሩቅ ማያ መነጽር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከባሕር ማዶ የሚመጡ እንግዶችን ይዤ ነጭ ሳር ሜዳ እወርዳለሁ፣ ጫሞ ዳርቻ እዞራለሁ፣ አንዳንዴም ዶርዜ ተራራ እወጣለሁ። እንጀራዬ የወፎች ሳይንሳዊ ስም ነው። ላቲኑንም ግሪኩንም ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም፤ ከእንግዶቼ አፍ እየለቀምኩ ያጠራቀምኩት ነው። አንድ ስም በሰማሁ ቁጥር «ትርጉሙስ?» እላለሁ፤ ትርጉሙን ካላወቅሁ ስሙ አፌ ላይ አይቆይም።

ባለቤቴን ጸዳለን ያገኘኋት በዚሁ ነው። ዶርዜ ላይ ዛፍ ላይ ተጣብቀው የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ አረንጓዴ በቀቀኖች አሳየኋትና «አጋፖርኒስ ይባላሉ፤ በግሪክ የፍቅር ወፍ ማለት ነው» አልኳት።

«ይሄን ለስንቷ ነግረሃል?» አለችኝ።

«ለእንግሊዝ ሽማግሌዎች ብቻ።»

ሳቀች። በዚያው ተጋባን።

ልጅ ግን ቶሎ አልመጣልንም። ብዙ ዓመት ጠበቅን። ጠብቀን ጠብቀን ስትመጣ ደግሞ ከወሯ ቀድማ መጣች። ጸዳለን ኦፕራሲዮን አደረጓትና ልጅቷን እንደ ጥጥ ብን ትላለች ብለው የፈሩ ይመስል በሁለት እጃቸው አቅፈው እየሮጡ ወሰዷት። የማሞቂያ መስታወት ሳጥን ውስጥ አስገቧት። ከጨርቁና ከቱቦው መሐል የታየኝ አንድ እጇ ብቻ ነው። ፊቷን አላየሁም። ድምፅዋን አልሰማሁም። እጇ ግን ነበረች፤ ጣቶቿ አንድ ጊዜ ተዘረጉና ተመልሰው ተጨበጡ።

ሳጥኑ ላይ «የጸዳለ ልጅ» ተብሎ ተጽፏል። ነርሷ ሲስተር ብዙነሽ «ስም ካላችሁ ንገሩኝ፣ ልቀይረው» አለችን። እኔ አፌን ልከፍት ስል አማቴ እማማ ሽታዬ ክንዴን ያዙኝ።

«ተው ምህረቱ» አሉ፣ ቀስ ብለው። «ትቆይ። እኔ ሁለት ቀብሬያለሁ። አንዱ ስም ነበረው፣ አንዱ አልነበረውም። ስም የነበረው ነው እስከ ዛሬ የሚያመኝ።»

እኔ፣ ለሜዳ ወፍ ሁሉ ስም የምዘረዝረው ሰው፣ ለልጄ ስም ሳላወጣ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። እዚያው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በሕልሜ ጠራራ ፀሐይ ነው። ጫሞ ሐይቅ ዳር ቆሜያለሁ። ከፊቴ አባ ኮዳዎች፣ እነዚያ ራሰ በራ ረጃጅም ወፎች፣ ኪሱ የበዛ ሰደርያ ለብሰው፣ መነጽር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ተኮልኩለዋል። ሁሉም ወደ አንድ ትልቅ ሾላ ዛፍ ያንጋጥጣሉ። ቀና ብዬ ሳይ ዛፉ ሰው በሰው ነው። ሰዎች ቅርንጫፉ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ፣ ጥርሳቸውን ይፍቃሉ፣ አንዱ ባጃጁን ከነሞተሩ ቅርንጫፍ ላይ አቁሞ ያጥባል።

አስጎብኚያቸው እርኩም ነበር። ጥቁር፣ ግዙፍ፣ ምንቃሩ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር ያለው ያ የምታውቁት ወፍ። የእኔን ባርኔጣ አድርጓል።

«ዝም በሉ» አለ በሹክሹክታ። «እንዳይበሩ።»

«ሰው አይበርም» አልኩት።

«ደንግጦ አታውቅም ማለት ነው» አለኝ። ከዚያ በክንፉ እያመለከተ ለአባ ኮዳዎቹ ያስረዳ ጀመር። «ያ ባጃጅ የያዘው ባለ ሦስት እግር ጯሂ ይባላል። ከሱ በላይ ጠረጴዛ ይዞ የተቀመጠው ደግሞ ነገ ና ነው።»

«ትርጉሙስ?» አለ አንዱ አባ ኮዳ።

«ትርጉም የለውም፤ በድምፁ ነው የተሰየመው። ቀኑን ሙሉ ነገ ና፣ ነገ ና ይላል።»

ሰውዬው ወዲያው «ነገ ና!» አለ። አባ ኮዳዎቹ በደስታ ምንቃራቸውን አንኳኩ። እኔም ከልቤ ሳቅሁ፤ ምክንያቱም ጉትያዋን እያነሳች የምትጥለዋን ወፍ ሮማውያን ኡፑፓ፣ ግሪኮች ኤፖፕስ ያሏት «ኡፕ ኡፕ» ስለምትል ብቻ ነው። ይሄን ለእንግዶቼ ስነግራቸው ሁልጊዜ ይስቃሉ። አሁን ተራው የእኛ ሆነ።

ያኔ ነው ከቅርንጫፎቹ ሁሉ በላይ ጸዳለን ያየኋት። በጭራሮ በተሠራ ጎጆ ውስጥ የሆስፒታሉን ጋቢ ተከናንባ ተቀምጣለች። አንድ ነገር ታቅፋለች። ልጮህ ስል እርኩሙ በክንፉ አፌን ከደነኝ።

«እሷን እንዳታስበረግግ! ከሥሯ አዲስ ፍጥረት አለች። ገና ስም አልወጣላትም።»

«ልጄ ናት!»

«አንተማ ምን ታውቃለህ? ያየሃት አንድ እጇን ነው» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሁን ጉባኤው ይቀመጣል። ጉባኤው ሳይበተን ስም ካልወጣላት ግን ሜዳው ይዘጋባታል። ስም የሌለው ነገር እዚህ አያድርም። ሕግ ነው።»

«ጉባኤው የት ነው?»

«ከማዶ።»

ጀልባ ውስጥ ነበርን። የሚቀዝፈው አዞ ነው፤ ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሷል። በጥርሱ መፋቂያ ነክሷል። ተሳፋሪዎቹን አስጠነቀቀ፦

«እጃችሁን ውሃ ውስጥ አትክተቱ። ሰው ሊነክሳችሁ ይችላል።»

ወፎቹ ሁሉ ክንፋቸውን ሰበሰቡ። እኔን በጎሪጥ አዩኝ። «እኔ አልናከስም» አልኩ። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለ አዞው፣ እየቀዘፈ።

ማዶ ስንደርስ ነጭ ሳር ሜዳ ላይ አንዲት ነጭ ፍየል ጠረጴዛ ላይ ቆማ ስብሰባ ትመራ ነበር። የሜዳ አህዮች ወንበር ያመቻቻሉ። የዓለም ወፍ ሁሉ እዚያ ነበር።

«መጀመሪያ ቅሬታ ያለው ይናገር» አለች ፍየሏ።

ጥንብ አንሳው ተነሳ። «ኔክሮሲርቴስ ሞናኩስ አሉኝ» አለ። «ሬሳ ጎታች መነኩሴ ማለት ነው። አንገቴ ላይ ያለውን ላባ ቆብ መስሏቸው ነው መነኩሴ ያሉኝ። ስሠራ የምውለው ጽዳት ነው። ከተማውን የማጸዳው እኔ ነኝ። ቢሆንም አመሰግናለሁ። ሬሳ ጎታች ብለው ሊተዉኝ ይችሉ ነበር፤ መነኩሴ ብለው ጨመሩልኝ።» ተቀመጠ። ተጨበጨበለት።

ቀጥሎ አባ ኮዳ ተነሳ። «እኔን በላቲን ከረጢት ተሸካሚ አሉኝ፤ በአማርኛ ደግሞ አባ ኮዳ። አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን አይተው አንዱ ገንዘብ ጠረጠረ፣ ሌላው ውሃ። ውስጡ አየር ነው። ማንም ከፍቶ ሳያይ ሁለት አገር ሀብታም አደረገኝ። እኔም አመሰግናለሁ።»

ጉትያዋ ነጭ፣ ክንፏ ስትዘረጋው እንደ እሳት የሚቀላ አንዲት ወፍ ከዋርካ ላይ ተናገረች። «እኔ የምጠራው ሩስፖሊ በሚባል የጣሊያን መስፍን ነው። ከየት እንዳገኘኝ ሳይናገር ዝሆን ገደለው። ዕቃው ሲፈተሽ እኔ ወጣሁ። ማንነቴን የሚያውቅ ሰው ስለሌለ በሟቹ ጠሩኝ። ሟች ነፍሱን ይማረው። ሌላ ማስታወሻ የለውም፤ እኔ እዘምርለታለሁ።»

እኔ እነዚህን ሁሉ ስሞች ሺህ ጊዜ ተናግሬያቸዋለሁ። ወፎቹ ራሳቸው ስማቸውን እንደ ስጦታ ይዘው ሲቆሙ ግን አይቼ አላውቅም።

«አሁን አዲሷ ፍጥረት» አለች ፍየሏ። መነጽሯን አደረገች። «ያየ ማን ነው?»

እርኩሙ ገፋ አደረገኝ። ጠረጴዛው ፊት ቆምኩ።

«ቁመቷ?»

«አላውቅም።»

«የዓይኗ ቀለም?»

«አላየሁም።»

«ድምፅዋ ምን ይላል?»

«አልሰማሁም» አልኩ።

«ታዲያ ምን አየህ?»

«አንድ እጅ። እንዲህ አደረገች።» እጄን ዘርግቼ መልሼ ጨበጥኩ።

ጉባኤው አጉረመረመ። «አይበቃም» አለ አንዱ ንስር። «ሙሉ አካል ይምጣ።» «እስኪታይ ትቆይ» አለ ሌላው። ከኋላ አንዲት ቆቅ ነጠላ ለብሳ ተነሳች። ድምፅዋ የእማማ ሽታዬ ነው።

«ትቆይ!» አለች ቆቋ። «ስም ያልወጣለት ሲጠፋ ማንም ስሙን እየጠራ አያለቅስም። ልባችሁን አታድክሙ። እኔ አውቀዋለሁ።»

ፍየሏ እንኳ አቀረቀረች። ቆቋ እውነቷን ነበር።

ሜዳው መሐል አቧራው ተነሳ። አንድ ነገር እየመጣ ነበር። ሰው ሁሉ፣ ይቅርታ፣ ወፍ ሁሉ መንገድ ለቀቀ። የመጣው አንድ ክንፍ ነው። ወፍ የለውም፣ እግር የለውም፣ ራስ የለውም። ቡናማ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት አንድ ክንፍ፣ አየር ላይ ቀጥ ብሎ እየተራመደ መጣ።

ወዲያው አወቅኋት። ሰው ሁሉ ከእኔ ጋር ነጭ ሳር የሚወርደው እሷን ብሎ ነው። ካፕሪሙልጉስ ሶላላ፣ በሌሊት ብቻ የምትወጣ ወፍ። ሶላላ ማለት ብቸኛ ክንፍ ማለት ነው።

ከእሷ በፊት ግን ፍየሏ ተናገረች። ከጠረጴዛው ወረደችና ብቸኛዋ ክንፍ ፊት ተንበረከከች። «ይሄን በአደባባይ መናገር እፈልጋለሁ» አለች። «ካፕሪሙልጉስ ማለት ፍየል አላቢ ማለት ነው። የዚችን ወፍ ዘመዶች ሁሉ ከጥንት ጀምሮ በጨለማ በረት ገብተው ፍየል ያልባሉ ብለው ስም አጠፏቸው። እኔ ፍየል ነኝ። ማንም ወፍ አልቦኝ አያውቅም። ወደ በረት የሚመጡት ከእኛ ላይ የሚነሳውን ትንኝ ሊበሉ ነው። ባለውለታዎቻችን ናቸው።»

«አውቃለሁ፣ ተነሺ» አለች ክንፏ። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው፤ ከክንፏ ውስጥ ሳይሆን ከሣሩ ሁሉ የሚመጣ ይመስል ነበር። ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ምን አየህ?»

«አንድ እጅ።»

«ከእኔም ያዩት ይሄንኑ ነው» አለች። «መንገድ ላይ መኪና ረግጦኝ አገኙኝ። ሌላው አካሌ የሚሆን አልነበረም። የተረፈው አንድ ክንፍ ብቻ ነው። ጥለውት ቢሄዱ ማን ይጠይቃቸዋል? ግን አልጣሉኝም። ይሄ ክንፍ ካለ ወፏ አለች አሉ። አገላብጠው አዩ፤ ከማንም ክንፍ ጋር አልገጠመም። በእሱ ብቻ ስም አወጡልኝ። እስከዛሬ ሙሉ አካሌን ይዞ የመጣ የለም። አሁንም ግን መብራት ይዘው ሜዳው ላይ ይፈልጉኛል። አንተ ራስህ ስንት ጊዜ ፈልገኸኛል?»

«መቁጠር ትቻለሁ» አልኳት።

«ስም ባይኖረኝ ትፈልገኝ ነበር?»

«ምን ብዬ?»

«አዎ። ምን ብለህ?»

ቆቋ ከኋላ «ካልተገኘሽስ?» ብላ ጠየቀች። ድምፅዋ ተሰብሯል። «አንድ ቀን ፈልገው ፈልገው ቢያጡሽስ?»

ክንፏ ወደ ቆቋ ተጠጋች። ላባዋን ነጠላው ላይ አሳረፈች። «ያን ጊዜም ያጡት እኔን ነው እማማ» አለች። «ሌላ ማንንም አይደለም። እኔን።»

ቆቋ አለቀሰች። ረጅም ጊዜ አለቀሰች። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠራርጋ፣ «እንግዲያው ይጥራት» አለች። «ምን ይጠብቃል?»

ፍየሏ ጠረጴዛዋ ላይ ተመለሰች። «ጥራት» አለችኝ።

አፌን ስከፍት ላቲን ወጣ። ረጅም፣ መጨረሻው «ኤንሲስ» የሚል፣ እኔም የማላውቀው ላቲን። ወፎቹ በሳቅ ፈረሱ። አባ ኮዳ አየሩ እስኪያልቅበት ሳቀ።

«በቤትህ ቋንቋ!» አለ እርኩሙ።

ዞር ስል ሾላው ዛፍ ሐይቁን ተሻግሮ ከጎኔ ቆሟል። ጸዳለ ከጎጆዋ አንገቷን አውጥታ ቁልቁል ታየኛለች።

«ማን አልካት?» አለችኝ።

«አለችልኝ!» አልኩ። ከየት እንደመጣ አላውቅም። አስቤው አላውቅም። ወንዶች አለልኝ ሲባሉ ሰምቻለሁ፤ ይሄ ግን የመጣው እንደ ስም ሳይሆን እንደ ትንፋሽ ነው።

«ጮክ በል! እሷ አልሰማችም!»

«አለችልኝ!» ብዬ ጮህኩ። ግንዱን አቅፌ ልወጣ ስታገል ፍየሏ ከኋላዬ መጥታ ሸሚዜን በጥርሷ ያዘች። ትጎትተኛለች። ቁልፎቼን አንድ በአንድ ትበጥሳለች። «ልቀቂኝ!» አልኳት። «ልቀቂኝ፣ ልጄ ጋ ልውጣ!»

«እኮ ሸሚዝህን አውልቅና ሂዳ!» አለች ፍየሏ።

ዓይኔን ገለጥኩ። ሲስተር ብዙነሽ ናት። በአንድ እጇ የሸሚዜን ኮሌታ ይዛለች።

«ምን ዓይነት እንቅልፍ ነው ወንድሜ? ኮሪደሩን በጩኸት ቀሰቀስከው» አለችኝ። «ተነስ። ልጅህ ያለ ቱቦ መተንፈስ ጀምራለች። አሁን የሚያስፈልጋት የሰው ገላ ነው፤ ደረት ለደረት። ጸዳለ ገና ከኦፕራሲዮኑ አልተነሳችም፤ እኔ ደግሞ ሃያ ልጅ አለብኝ። አንተ ካንጋሮ ትሆናለህ።»

«ምን እሆናለሁ?»

«ካንጋሮ። ልጇን ኪሷ ውስጥ ይዛ የምትዞረዋ እንስሳ፤ ዘዴው በእሷ ስም ነው የሚጠራው። ሸሚዝህን!»

ይዛኝ ገባች። ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ከዚያ ከሳጥኑ ውስጥ አወጣቻትና ባዶ ደረቴ ላይ አስተኛችልኝ፣ በጨርቅ ጠፍራ አሰረችን። ከጫማዬ አንድ እግር የምትከብድ አትመስልም። ፊቷን አየሁት። የጸዳለ ግንባር ነው ያላት። ደረቴ ላይ ያለው ጸጉር አፍንጫዋን ሲኮረኩራት ተጨማደደችና አንዲት ቀጭን፣ የተናደደች ድምፅ አወጣች።

«ስም አላት?» አለች ሲስተር ብዙነሽ፣ ብዕሯን ከኪሷ እያወጣች።

«አላት» አልኩ። ነገርኳት። ጻፈችው።

በሩ ተከፈተና እማማ ሽታዬ ፔርሙዝ ይዘው ገቡ። ለጸዳለ ያዘጋጁት አጥሚት ነው። እኔን ከወገብ በላይ ራቁቴን፣ ልጅ ታቅፌ፣ በጨርቅ ተጠፍሬ ሲያዩኝ እግራቸው መሬቱ ላይ ተተከለ።

«በስመ አብ!» አሉ። «ወንድ ልጅ አራስ ተኛ!»

የክፍሉ እናቶች ሁሉ ሳቁ። ሲስተር ብዙነሽም ሳቀች። እማማ ሽታዬ ግን አልሳቁም። ቀረብ ብለው ልጅቷን አዩ፤ ጭንቅላቷን በአንድ ጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉ። ከዚያ የፔርሙዙን ክዳን ከፈቱ፣ ትኩሱን አጥሚት ኩባያ ሞልተው ቀዱ፣ እፍ እፍ አሉበት፣ ወደ አፌ አስጠጉልኝ።

«ጠጣ» አሉኝ። «አራስ ባዶ ሆዱን አይቀመጥም።»

ጠጣሁ።